የአያ ፈንታው ጆሮ

የአያ ፈንታውን ሞት የሰማሁት ጋሸና ላይ፣ ምሳ አዝዤ ስጠብቅ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተን ደሴ አድረን ጋሸና ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። የላሊበላ መኪና እስኪሞላ ብዬ አንዱ ምግብ ቤት ገባሁና ሽሮ አዘዝኩ። ስልኬን ሳየው ጎረቤቴ ሦስት ጊዜ ደውላ ኖሯል። መልሼ ስደውልላት ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«የሺዬ፣ የት ደረስሽ? አያ ፈንታው አረፉ እኮ። ትናንት ነው። አሁን ከቀብር መመለሳችን ነው።»

ሽሮው መጣ፤ ሳልነካው ቀዘቀዘ። አስተናጋጇ «ምነው እትዬ፣ ጨው በዛበት?» አለችኝ። ሰው ሞቶብኝ ነው ማለት አቅቶኝ አዎ በዝቷል ብያት አረፍኩት፤ ምስኪን፣ ይዛው ወደ ጓዳ ሮጠች። ሰው በሰባ ምናምን ዓመቱ መሞቱ ያለ ነው፤ እግዜር ይመስገን አልጋ ላይ አልማቀቁም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ለእሳቸው የምነግራቸው አንድ ነገር ይዤ እየመጣሁ ነበር። ካወቅሁት አራት ቀኔ ነው። በስልክ መናገር እችል ነበር፤ ግን ፊታቸውን እያየሁ ልንገራቸው ብዬ ያዝኩት። ሲደሰቱ ለማየት ስስገበገብ ሳይሰሙት ሄዱ። ለዚህ ራሴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

አያ ፈንታው ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ ገበያው መውረጃ ላይ፣ ከይመር ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንድ ክፍል ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። በከተማው ድምፅ ያለው ዕቃ ሁሉ ሲታመም ወደ እሳቸው ይመጣል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ የሠርግ ቤቱ ሞንታርቦ፣ የገበሬው ባለ ባትሪ ሬዲዮ። ድምፅ የሌለውን አይነኩም። አንድ ባለ ሆቴል ፍሪጅ ይጠግኑልኝ ብሎ ቢመጣ «ፍሪጅህ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁት። «ኧረ ምንም አይል፣ ዝም ብሏል» አላቸው። «እንግዲያው ከእኔ ጋር አትግባቡም» ብለው ሸኙት። ሰውየው የተሰደበ መስሎት ወር ሙሉ አኩርፏቸው ነበር።

የሚጠግኑት በጆሯቸው ነው ብል ማጋነን አይደለም። ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ ይላሉ። ቀኝ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ያ ምልክት ሲታይ ቄስም ቢሆን፣ የወረዳ ሹምም ቢሆን ዝም ነው። ከዚያ ቀና ይሉና «ጉንፋን ይዟታል፣ ለሐሙስ ትድናለች» ወይም «ይሄ እንኳ የመጨረሻው ነው፤ ተሰናበተው» ይላሉ። ሆዱን የሚከፍቱት ከዚህ በኋላ ነው፤ ከተናገሩትም ዝንፍ ሲል አላየሁም።

ልጅ ሳሉ ገነተ ማርያም ዜማ ተምረዋል። አባታቸው ሲሞቱ እርሻው ሰው አጣና ትምህርቱን አቋርጠው ወጡ። መምህራቸው ሲያሰናብቷቸው «ድምፅህስ መካከለኛ ነው፤ ጆሮህ ግን የሊቅ ነው» ብለዋቸው ኖሯል። አያ ፈንታው ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ስለራሳቸው ብዙም አያወሩም። ይቺን ግን ሰበብ እየፈለጉ ያወሩልናል። ሚስታቸው እትዬ ስንዱ «በቃ ጀመረው!» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግራ ጆሯቸው ውስጥ አንድ የማያቋርጥ ጩኸት ገባባቸው። ይህን የሚያውቀው እትዬ ስንዱና እኔ ብቻ ነን። እኔ ያወቅሁት እንግዳ ከአገር ስለጠፋ ነው፤ ምግብ ቤቴ ባዶውን ሲውልብኝ ሱቃቸው ሄጄ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ሥራቸውን አቁመው «የሺ፣ አሁን ጽናጽል የሚመስል ነገር ይሰማሻል?» አሉኝ። አይሰማኝም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «ቀኙ እስካለ ምን ቸገረኝ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

የሸክላው ነገር የመጣው እዚያው ሱቅ ውስጥ ስንጫወት ነው። እናቴ ወልድያ መጠጥ ቤት ነበራት። እሷ ስትሞት ለእኔ የደረሰኝ አሥራ አንድ የዘፈን ሸክላ ነው፤ ማጫወቻው ከብዙ ዘመን በፊት ጠፍቷል። ሸክላዎቹን ቁም ሣጥኔ ውስጥ በነጠላ ጠቅልዬ ካስቀመጥኩ ዓመታት አለፉ። ይህን ስነግራቸው አያ ፈንታው የደነገጡት ሰው ቤት ተዘግቶበት እንደሚኖር የነገርኳቸው ያህል ነው። በሁለተኛው ሳምንት ኮን ገበያ ደርሰው ሲመለሱ አንድ የድሮ ማጫወቻ ገዝተው መጡ። ሳጥኑን ምስጥ በልቶታል፣ መርፌው የለም፣ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለእኔ የታየኝ ማገዶ ነው።

«ደርሶ ካማረሽ ትገዥኛለሽ። ካላማረሽም እኔና ስንዱ እንሰማበታለን» አሉኝ።

ያኔ ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ አዲሱን ግዢ እያለች ወጥራ ይዛኛለች። «የሞተ ዕቃ ምን ያደርግልሻል? አዲሱ ቀላል ነው፣ ከስልክሽም ያጫውታል፣ ዋስትናም አለው» ትለኛለች። ፎቶ ላከችልኝ፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ለሳምንታት ስዋልል ከረምኩ። ጠዋት አሮጌውን፣ ማታ አዲሱን እመርጣለሁ። መጨረሻ ላይ ኀፍረት የሌለኝ ሴት ስለሆንኩ የትኛውን ልግዛ ብዬ ራሳቸውን አያ ፈንታውን ጠየቅኋቸው።

ቅር አላላቸውም። ፎቶውን ከስልኬ ላይ ራቅ አድርገው አዩት። «አዲሱ አይከፋም። ሲበላሽብሽ ግን እኔ ጋ ነው የምታመጭው፤ እኔ ደግሞ ሆዱን ብከፍተው የማውቀው ነገር የለም። ይኸኛው ቢታመም የት ጋ እንዳመመው ይነግረኛል» አሉኝ። ስልኩን መልሰውልኝ «እኔ ስሞትስ ካልሽ አዲሱን ግዢ» ብለው ሳቁ።

ሥራው አራት ወር ፈጀ። በዚያን ጊዜ ከተማው መብራት አልነበረውም፤ የእነሱ መደዳ ሱቆች የሚሠሩት ይመር ከወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር በሳበላቸው ሽቦ ነው። ሳጥኑን ከዋንዛ እንደ አዲስ ሠሩት። መርፌውን በሹፌር ከአዲስ አበባ አስመጡ። ጎማውን ከባጃጅ ከመነዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ ቀደዱት። አዙሪቱ ፈጠነባቸውና የሞተሩን ራስ በስስ ሞረድ ቀን በቀን ጥቂት ጥቂት እየሞረዱ፣ ከሬዲዮ በሚያውቁት አንድ ሸክላዬ እየሰሙ፣ እንደገና እየሞረዱ ልኩ ላይ አመጡት። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በኋላ ነው። እኔ ስገባ ዕቃውን በጨርቅ ይሸፍኑታል። ሊያሰሙኝ ስለማይፈልጉ «ያልበሰለ ወጥ ለእንግዳ ይቀመሳል እንዴ?» ይሉኛል።

መብራት መጀመሪያ ወደ እኔ ሰፈር ተመለሰ። የእነሱ መደዳ ትራንስፎርመሩ ስለተቃጠለ ገና በይመር ጄኔሬተር ላይ ነበር። በዚያው ሳምንት እሑድ አያ ፈንታው ማጫወቻውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ራሳቸው ተሸክመው ቤቴ አመጡት። ዳገቱ አስለክልኳቸው ነበር። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝና ወደ በሩ ሄዱ።

«ምነው፣ አብረን አንሰማም?» ብላቸው «የእናትሽ ነው። መጀመሪያ ለብቻሽ ስሚው» ብለውኝ ወጡ።

እናቴ ብርጭቆ ስታጥብ የማትለየውን ዘፈን መረጥኩ። መርፌውን አስቀመጥኩት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ይዘገያል። ዘፋኟ እንቅልፍ የመጣባት ትመስላለች። ዘፈኑን በቃሌ ስለማውቀው አብሬ ላንጎራጉር ስሞክር እኔ እቀድማለሁ። ሌላ ሸክላ ሞከርኩ፣ እሱም ያው። እውነቱን ልናገር፤ ከማዘኔ ይልቅ ቀለል ነው ያለኝ። ልቤ አዲሱ ላይ ነበረና ምክንያት አገኘሁ።

በማግስቱ ከእናቴ ዘፈን ሸክላ ጋር በባጃጅ ጭኜ ሱቃቸው ወሰድኩት። «አያ፣ ይዘገያል» አልኳቸው።

«ይዘገያል?»

«አዎ። ዘፈኑ ወርዷል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አያ፣ እኔ በዚህ ዘፈን ነው ያደግሁት።»

ወንበር ሳቡልኝ። እኔ ግን ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ደግሞም አዲሱን እንድትልክልኝ ያን ዕለት ጠዋት ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ነበር፤ ይህን ፊት ለፊት ተቀምጬ መናገር ከበደኝ። አዲሱን ማዘዜን ቆራርጬ ነገርኳቸው። «ደግ አደረግሽ» አሉኝ። ወጣሁ። ከኋላዬ መርፌውን ሲያስቀምጡ አየሁ፤ ከዚያ የባጃጁ ሞተር ተነሳና ምንም አልሰማሁም።

ከፋሲካ በፊት ሱቃቸውን ዘጉ። አዘጋጋቸው አይረሳኝም። ለጥገና የተቀመጠውን ዕቃ ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት እየያዙ ከቤት ቤት ዞረው ለባለቤቱ መለሱ። በየበሩ ቆመው «ጆሮዬ አልሰማ ብሏል፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» ይላሉ። ሰው «ኧረ አያ፣ ምን ሆኑ? ይቆይልን ግዴለም» ቢላቸው አይሰሙም። የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ለአስተዳዳሪው ሲመልሱ አስተዳዳሪው አልቅሰው ነበር ይባላል።

እኔም ቤት መጡ። ሱቃቸው ረስቼው የነበረውን የእናቴን ዘፈን ሸክላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። ሻይ አፈላሁላቸው። አዲሱን ማጫወቻ በዓይናቸው ፈልገው አገኙት።

«እስቲ በሱ አሰሚኝ» አሉኝ።

ያንኑ የእናቴን ዘፈን ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቀኝ እጃቸው ከፍ አለ። እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም።

«አሁን ይሄ ልክ ነው?» አሉኝ።

«ልክ ነው አያ።»

«እንግዲህ ለእኔ የኔውም ልክ እንዲህ ነው የሚሰማኝ። ከሄድሽ በኋላ ሃያ ጊዜ ሰማሁት። ከዚህ አይለይብኝም።» ሻያቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡት። «አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ልክ ሆኖ፣ ለእኔ ሁለቱ አንድ ከሆኑ ጆሮ የለኝም ማለት ነው። ቀኙም ሄደ የሺዬ።»

እኔ ምን አልኩ? «እርጅና ነው አያ፣ ምን ይደረጋል» አልኳቸው። ያልኩት ይህን ነው። ሸኝቻቸው ተመለስኩ። ሰውየው የነገሩኝን ቆም ብዬ አላሰብኩበትም።

ከዚያ ወዲህ አንሰው አየኋቸው። ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ ዱሮ ከመዘምራኑ አጠገብ ነበር የሚቆሙት፤ አሁን ወደ ውጭ፣ ዛፉ ሥር ሆነው አያቸዋለሁ። ሰው ሲያናግራቸው መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ደህና እየሰሙ እንኳ።

ባለፈው ወር ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ ሄድኩ። የአዲሱ ማጫወቻዬ መርፌ ተሰብሮ ስለነበር ሸክላና ማጫወቻ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ አሮጌም እየጠገነ ይሸጣል። ወሬ ወሬን አንስቶት ስለ አያ ፈንታው ነገርኩት፤ እንዴት እንደሠሩት፣ እንዴት እንደዘገየ፣ እንዴት ጆሯቸውን እንዳጡ። ሰውየው ያዳምጠኝ የነበረው መርፌ እየገጠመ ነው። ድንገት ሥራውን አቆመ።

«ሲሠሩት መብራት ከየት ነበር የሚያገኙት?»

«ከወፍጮ ቤት ጄኔሬተር።»

«አንቺ ቤትስ?»

«ከመንግሥት ነዋ።»

«እና እኮ!» አለ። «የእነዚህ የድሮዎቹ ሞተር የሚዞረው የመብራቱ ሞገድ በሚመታበት ፍጥነት ነው። ጄኔሬተሩ ከፈጠነ እሱም ይፈጥናል። አዛውንቱ መፍጠኑን ሰምተው፣ ሞርደው ልኩን አመጡ። አንቺ ወስደሽ ሌላ መብራት ላይ ስትሰኪው ዘገየ። አዲሶቹን የትም ብትሰኪያቸው ለውጥ የላቸውም።» ከዚያ መርፌውን አስቀመጠና «በጆሮ ብቻ ነው ልኩን ያመጡት? ያለ ምንም መለኪያ? እኔ አልችልም» አለኝ።

ሁለቱ ማጫወቻ አንድ ሆኖ የተሰማቸው አንድ ስለነበር ነው! በሱቃቸው ልክ ነበር፤ በቤቴ የሰሙት አዲሱም ልክ ነበር። የሰሙት ሁሉ እውነት ነው። ያሳበድኳቸው እኔ ነኝ። እዚያው ቆሜ አሮጌውን ልገዛቸው፣ ሱቁን እንዲከፍቱ እግራቸው ላይ ልወድቅ ወሰንኩ። ከሐኪሙ ጋር ቀጠሮ ስለነበረኝ ግን ሦስት ቀን ቆየሁ። ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ ጋሸና።

ላሊበላ ስገባ መሽቶ ስለነበር በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። እትዬ ስንዱን ከሴቶቹ መካከል ለብቻቸው አግኝቼ፣ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ በመጨረሻ። ድምፃቸው አልቅሶ አልቅሶ ተዘግቷል። «በየሰው ደጅ ቆሞ ነው እኮ ጆሮዬ ሞተ ያለው። የስንት ሰው ደጅ እንደሆነ አልቆጥርልሽም። አንቺም ሰው ባለበት ተናገሪው።»

በሰልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሙሾ አውራጇ ደግነታቸውን አወረደች፣ ጸሎታቸውን፣ ሰው አክባሪነታቸውን፣ የገነተ ማርያም ትምህርታቸውን ሳይቀር። ለቀስተኛው እየተቀበለ ደረቱን ይመታል። ጆሯቸውን ግን ማንም አላነሳም። ሁሉም የሚያውቀው ጆሯቸውን ነው፤ ግን የሟቹን ጉድለት እንደማንሳት ስለሆነባቸው ዘለሉት። ይህን ሳይ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሳሁ።

«እኔ የሺ ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ» አልኩ። «የአያ ፈንታው ጆሮ ደህና ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የሠሩት ዕቃ ልክ ነበር፤ የጄኔሬተሩና የቤቴ መብራት ነው የተለያየው። ሳላጣራ ዘገየ አልኳቸው፤ እሳቸውም እኔን አምነው ራሳቸውን ካዱ። እስከ መጨረሻው ቀን ይሰሙ ነበር። ከሁላችንም በላይ ይሰሙ ነበር።» ሌላም ልል አስቤ ነበር፤ እንባ ቀደመኝ።

ከወንዶቹ በኩል ይመር ነበር የተነሳው። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«የጄኔሬተሩን ፍጥነት እኔ ነኝ ከፍ አደርገው የነበረ» አለ። «ዓይኑ ደከም ስላለ፣ መብራቱ ደመቅ ይበልለት ብዬ። ወላሂ ለሱው ብዬ ነው።» አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ «አብሽር፣ አብሽር ይመር» እያሉ አስቀመጡት። ሙሾ አውራጇ ጥቂት አሰበችና እንደገና ጀመረች። አሁን ስለ ጆሯቸው ነበር። ድንኳኑ ከቀብሩ ቀን ይልቅ አለቀሰ አሉ።

ሰው ሲበተን እትዬ ስንዱ ጋ ተመለስኩ። ማጫወቻው ከአልጋቸው ራስጌ፣ በዚያው ጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልግዛው አልኳቸው፤ ያሉኝን እሰጣለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ። ብዙ ቀባጠርኩ።

እትዬ ስንዱ እጃቸውን ጋቢው ላይ አሳረፉ። «ይህን ሳትነግሪኝ ብትጠይቂኝ ዝም ብዬ እሰጥሽ ነበር» አሉኝ። «ባየሁት ቁጥር ያ መከረኛ በየደጁ መዞሩ ይታወሰኛል፤ ከቤቴ ይውጣልኝ እል ነበር። አሁን ግን አንቺው ራስሽ ልክ ነው አልሽ። ልክ ከሆነማ የባሌ የመጨረሻ ሥራው ነው። አልሸጠውም የሺ።»

የከፈትኩትን ቦርሳዬን ዘጋሁ።

«አንቺ አዲሱ አለሽ አይደል?» አሉኝ። አነጋገራቸው ክፋት አልነበረበትም፤ የምር እየጠየቁኝ ነው።

«አለኝ» አልኳቸው።